ሮዳጅ

መኪና መንዳት ከጀመርሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ መኪና የጨበጥሁት። ከዚያ በፊት የነዳኋቸው ሁሉ የሌላ ሰው እጅ ያለፈባቸው ነበሩ። ኮምቦልቻ ላይ መንዳት የተማርሁባት ፒክአፕ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም አታንስም ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ የሠራሁባቸው ሦስት መኪኖችም እጄ የገቡት ቆጣሪያቸው መቶ ሺህ ማይል ሊደፍን ሲቃረብ ወይም ከደፈነ በኋላ ነው። አንደኛዋ የፖሊስ ባልደረባ የነበረች ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ናት። በሾፌሩ በኩል የፍለጋ መብራቷ የተነቀለበት ቀዳዳ በላስቲክ ውታፍ ተደፍኖ ነበርና፣ ዝናብ በበረታ ቁጥር ውሃው በዚያ እየሾለከ ግራ ጉልበቴን ያረጥበኝ ነበር። ሌላ ሰው የነዳትን መኪና መግዛት ሌላ ሰው የተጫማውን ጫማ እንደ መግዛት ነው፤ ያስኬዳል፣ ያደርሳል፣ ነገር ግን ተረከዙ ያለቀው በሌላ ሰው አካሄድ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያዪቱ አዲስ መኪናዬ ምን ዓይነት ብትሆን ጥሩ ነው? አንባቢ ሆይ፣ አትፍረድብኝ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበርና የሸራ ጣሪያ ያላት ማዝዳ ኤም ኤክስ ፋይቭ ናት፤ አሜሪካኖች ሚያታ የሚሏት። ክብደቷ 1,100 ኪሎ ግራም አይሞላም። ሞተሯ ባለ 2 ሊትር፣ አቅሟ 181 የፈረስ ጉልበት፣ ማርሿ ባለ ስድስት፣ በእጅ የሚቀየር። ይህች ዝርያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ሲሆን፣ አንድ ሚሊዮንኛዋ እ.ኤ.አ. በ2016 ሂሮሺማ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። በዓለም ላይ የእርሷን ያህል የተሸጠ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና የለም። ይህን ሁሉ የምደረድረው ገንዘቤን ያወጣሁት በጥናት እንጂ በእብደት አይደለም ለማለት እንደ ሆነ አይጠፋህም።

እውነቱን ለመናገር ግን ከጥናቱ በፊት ወድጃት ነበር። ታክሲ በጀመርሁ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ይመስለኛል፣ ኮነቲከት ጎዳና ላይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለሁ ፀጉሩ የሸበተ አንድ ሰው ጣሪያዋን ከፍቶ አጠገቤ ቆመ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አልተጣደፈም። ማርሹን በሁለት ጣቱ እንደ ዋዛ ገፋ አድርጎ ሄደ። ከኋላዬ የተቀመጠው ተሳፋሪ አውሮፕላን እንዳያመልጠው ሰዓቱን እያየ ‹‹ቶሎ በል›› ይለኝ ነበር። ያ ሽበታም ሰው ወዴት ይሄድ እንደ ነበር አላውቅም። የትም ይሄድ የነበረ አይመስለኝም፤ ልቤን የነካው ይኸው ነው።

ዋጋዋ ከ30 ሺህ ዶላር ትንሽ አለፈ። ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ ታክሲውን ትቼ በአንድ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀጥሬአለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ አያለሁ። ሁለቱ ልጆቻችን ትምህርታቸውን ጨርሰው ከቤት ወጥተዋል። ባለቤቴ ሐሳቤን በሰማች ጊዜ የፈራሁትን ቁጣ አላሳየችም። ‹‹የኋላ ወንበሩ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?›› ብቻ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። የተጣላነው ቀለም ላይ ስንደርስ ነው። ልቤ ቀይዋን ወደደ፣ ዓይኔ ግን አፈረ፤ ጠቆር ያለችውን ግራጫ አዘዝሁ። ‹‹የሰረቅኸው ይመስል ተደብቀህ ልትነዳው ነው?›› አለችኝ።

አልተሳሳተችም። ከአንድ ሰው ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ኮምቦልቻ ካለው ታላቅ ወንድሜ። እኛ ቤት መኪና ማለት ጭነት ማለት ነው። አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው የራሳቸው ጋሪ እንኳ ሳይኖራቸው አረፉ። ጋሼም ከእርሳቸው ሥር በረዳትነት አድጎ፣ ሾፌር ሆኖ ጡረታ ወጣ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው በስልክ ‹‹ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ኩንታል የማትጭን መኪና ገዛሁ›› ተብሎ እንዴት ይነገራል? ይባስ ብሎ የአባታችን ቤት ቆርቆሮ ዝጎ ስላፈሰሰ እንዲለወጥ ተስማምተን፣ ከድርሻዬ ግማሹን ልኬ ግማሹን ‹‹ከፋሲካ በኋላ›› ብዬው ነበር።

ፋሲካ በሚያዝያ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ዋለ። መኪናዋን የተረከብሁት ዳግማይ ትንሣኤ በዋለ ማግስት ነው።

ርክክብ የሚባለው ነገር አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ወረቀት ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ፈረምሁ። የዋስትና ማራዘሚያ ግዛ፣ የቀለም መከላከያ አስቀባ፣ የጎማ መድን ግባ ተባልሁ፤ ሁሉንም እምቢ አልሁ። ለታክሲ ነጂ እምቢ ማለት ከባድ አይደለም። በመጨረሻ ሻጩ፣ የመጀመሪያ ልጄ እኩያ የሚሆን ትሑት ወጣት፣ ‹‹አሁን ትመጣለች›› ብሎ ሳይነሣ ቀረ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ በእጅ ማርሽ መንዳት አይችልም። እዚህ አገር ከሚሸጠው አዲስ መኪና በእጅ ማርሽ የሚነዳው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላምና ልጁ አይፈረድበትም። መኪናዋን ከጋራዥ ነድቶ ያመጣት እጁ ዘይት የለበሰ፣ በዕድሜ እኔን የሚያህል መካኒክ ነው። ወንበሩ ላይ የተነጠፈውን ላስቲክ በጥንቃቄ ጠቅልሎ ካነሣ በኋላ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ቆጣሪዋ 6 ማይል ይላል። ከፊት መስታወቱ ሥር የሚታየው የሻሲ ቁጥር ጃፓን የተሠራ መኪና ሁሉ እንደሚጀምረው በ‹‹ጄ›› ፊደል ይጀምራል። መካኒኩ ጎማዎቹ ለመርከብ ጉዞ ከልክ በላይ ተነፍተው እንደ መጡና እርሱ እንዳስተካከላቸው ነገረኝ፤ አዲስ ጎማ ከቅርጽ ማውጫው የሚቀርበት ልሙጥ ነገር እስኪፋቅ ድረስ ኩርባ ላይ እንዳልዳፈርም መከረኝ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል ለመኪናዋ ተብሎ የተነገረኝ ቃል ይህ ብቻ ነበር።

ተቀመጥሁ። መሬት ላይ የተቀመጥሁ ያህል ዝቅ አልሁ። ሻጩም መካኒኩም ቆመው ያዩኛል። ፍሪሲዮን ረግጬ አስነሣኋት፤ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ እግሬን ሳነሣ ተንዘፍዝፋ ጠፋች። ዳግመኛ አስነሣኋት። ዳግመኛ ጠፋች። ሃያ ምናምን ዓመት ማርሹን ራሱ በሚቀይር መኪና የኖረ ግራ እግር ሥራውን ረስቷል። የኤንትሬ ሾፌር ልጅ! አባቴ ሃያ ዓመት በነዱት በዚያ ፊያት ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮኑ ሁለቴ ይረገጥ ነበር፤ አንዴ ለማውጣት፣ አንዴ ለማስገባት፣ በመካከሉም ነዳጅ ተሰጥቶ የጥርሱ ፍጥነት በጆሮ ተለክቶ። በሦስተኛው ሙከራ እየተንገጫገጭሁ ወጣሁ። ሻጩ እጁን አውለበለበልኝ፤ መካኒኩ ግን ዘወር ብሎልኝ ነበር። የሰው ልጅ ጨዋነት አንዳንድ ጊዜ በዚህ ይታወቃል።

ቤት ደርሼ የመኪናዋን መጽሐፍ አነበብሁ። ከፊት ለፊት መሳቢያ እንኳ የላትምና መጽሐፉ የሚገኘው ከሁለቱ ወንበሮች ኋላ፣ መካከል ላይ ባለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው። የተለየ ማለማመድ አያስፈልግም ይልና ወዲያው ማስጠንቀቂያውን ይዘረዝራል። በመጀመሪያው 600 ማይል፣ ወይም 1,000 ኪሎ ሜትር፣ ሞተሩን አታስጩኸው፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ብዙ አትጓዝ፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ አትርገጥ፤ ካላስፈለገ በስተቀር በድንገት ፍሬን አትያዝ። ዝቅ ባለች ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን ሳነብ ‹‹ሮዳጅ!›› አልሁ ጮክ ብዬ።

ቃሉን ምናልባት ከሠላሳ ዓመት በላይ አላነሣሁትም ነበር። ጣሊያን ትቶልን ከሄዳቸው የጋራዥ ቃላት አንዱ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮና ካንዴላ ከመጡበት አገር የመጣ። ጣሊያኖች ራሳቸው በዱሮ ጊዜ አዲስ መኪና ላይ ‹‹ሮዳጅ ላይ ነው›› የሚል ወረቀት ከኋላ መስታወቱ ይለጥፉ ነበር፤ ከኋላ የሚመጣው ታግሦ እንዲከተል ወይም ሳይቆጣ እንዲያልፍ። አባቴ ቃሉን ከመኪና ውጪም ይጠቀሙበት ነበር። አዲስ ሙሽሮች ሲጨቃጨቁ ከሰሙ ‹‹ተዋቸው፣ ሮዳጅ ላይ ናቸው›› ይሉ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ሲሊንደር በዓይን ሲያዩት መስታወት ይመስላል እንጂ ግድግዳው ላይ ሆን ተብሎ የተሠሩ እርስ በርስ የሚቋረጡ ረቂቅ ጭረቶች አሉት፤ ዘይት የሚይዙ። ፒስተኑን የሚከቡት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች በእነዚያ ጭረቶች ላይ ሽቅብ ቁልቁል እየሄዱ፣ ብረት ብረትን እየሞረደ፣ አንዱ የሌላውን ቅርጽ ይይዛል። ሲቃጠል የሚፈጠረው የጋዝ ግፊት ቀለበቱን ከኋላው ገፍቶ ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል። ሞተሩን ያለ ልክ ካሠቃየኸው ሙቀቱ ብረቱን ይጎዳዋል። እጅግ ካባበልኸው ደግሞ ግፊቱ ያንስና ቀለበቱ ቦታውን ሳይዝ ይቀራል፤ ግድግዳው በተጋገረ ዘይት ይለሰናል፤ መኪናው ዕድሜውን ሁሉ ዘይት ሲጠጣ ይኖራል። በዛሬ ጊዜ ፋብሪካዎች ብረቱን እጅግ አጥርተው ስለሚሠሩት አብዛኛው ሥራ እዚያው አልቆ ይመጣል። ስለዚህ በየመድረኩ ‹‹ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግረፋት›› የሚሉና ‹‹እንደ አራስ ያዛት›› የሚሉ ሁለት ጎራዎች ሲከራከሩ ይኖራሉ። እኔ ለሁለቱም አላደላሁም። አባቴ ‹‹እንደ እንቁላል አትያዘው፤ እንደ ድንጋይም አትወርውረው›› ይሉ ነበርና፣ ቀስ በቀስ እየጫንሁ ቀስ በቀስ መልቀቅን መረጥሁ። መጽሐፉ የጻፈው 600 ማይልና 1,000 ኪሎ ሜትርም እኩል አይደሉም፤ ማይሉ ሃያ አንድ ይጎድለዋል። የአባቴን ኪሎ ሜትር ያዝሁ።

ሺህ ኪሎ ሜትር ከአዲስ አበባ አሰብ ከሚያደርሰው መንገድ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

በ1963 ዓ.ም. አባቴ የሚሠሩላቸው የደሴ ነጋዴ አዲስ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው አስመጡ። ሌሎች ሾፌሮች እያሉ ቁልፉ ለአባቴ ተሰጠ፤ እጃቸው ለስላሳ ነውና ሮዳጁን እርሳቸው ያውጡት ተባለ። እኔ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። ጋሼ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ረዳት ሆኖ ተሳፈረ። ግማሽ ጭነት ብቻ ጭነው ባቲን ወርደው፣ ሚሌን አልፈው፣ በኤሊዳርና በቡሬ በኩል አሰብ ገቡ። ሌላው ሾፌር እየቀደማቸው ሲያልፍ አባቴ አልተከተሉም። ሜዳው ሲያባብላቸው ፍጥነታቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ሳይማረር ማርሽ እየቀነሱ ሄዱ። ሲመለሱ የሞተሩን ዘይት አስወርደው ከላዩ ላይ ጠብታ ወስደው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት፤ ከዚያ ጣታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው የብረት ብናኝ ብልጭታ ፈለጉ። በመጀመሪያው ጉዞ ብዙ ነበረ። በሁለተኛው ቀነሰ። በሦስተኛው ዘይቱ ዘይት ብቻ ሆነ።

በዚያ ሳምንት ነጋዴው የእኅታቸውን ልጅ ከአዲስ አበባ አምጥተው አዲሱን መኪና ሰጡት። አባቴ ቁልፉን ከመጥረጊያ ጨርቁ ጋር አስረክበው ወደ አሮጌው ፊያት ተመለሱ።

ይህን ታሪክ ከአባቴ አፍ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቻለሁ፤ እርሱም በአጭሩ። እኔ በራሴ የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ቤታችን ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም። ሌሊት ሌሊት የጭነት መኪኖች ሲያልፉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። አልፎ አልፎ አባቴ በጨለማው ውስጥ ከአልጋቸው ቀና ይሉና ‹‹እሷ ናት›› ይላሉ። ማንም አይመልስላቸውም። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ‹‹ደኅና ትጎትታለች፤ ሮዳጇ ጥሩ ነበር›› ብለው ይተኛሉ። ይህ ለዓመታት የቆየ ነገር ነው። ያች መኪና በመጨረሻ የት እንደ ወደቀች አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ መንገድ ራሱ ተዘጋ።

እንግዲህ እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በሦስት ሳምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ተነሣሁ። ሥራ ስሄድ አውራ ጎዳናውን ትቼ መብራት በሚበዛበት፣ ማርሽ በሚያስቀይረው በጓሮ መንገድ ሄድሁ፤ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እየተነሣሁ። የዙር መቁጠሪያዋ ቀይ መስመር በደቂቃ 7,500 ዙር ላይ ነው። እኔ 4,000 ላይ ስደርስ እቀይር ነበር። አንድ ቀን ማታ መብራት ላይ አንድ ጎረምሳ አጠገቤ ቆሞ ሞተሩን እያስጮኸ በዓይኑ ጋበዘኝ። እግሬ ሊታዘዘኝ አልፈለገም ነበር፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት መሙላት ከእንዲህ ያለው ነገር ያድናል ብዬ አስብ ነበርና ራሴን ታዘብሁት። መብራቱ ሲበራ ልጁ ጎማውን አጭሶ ሄደ። እኔ በሁለተኛ ማርሽ እያዘገምሁ ነበር።

እሑድ ከባለቤቴ ጋር ጣሪያውን ከፍተን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ነጠላዋን ነፋሱ ሊወስድባት ሲል ሁለቴ ጠምጥማ አገጯ ሥር ቋጠረችው፤ ‹‹ጠባቧ›› ብላ ስምም አወጣችላት። ግቢው ውስጥ ወዳጆቻችን ከበቡን። ‹‹መቼ ነው የምታስመርቀን?›› የማይል አልነበረም። አንዱ ግን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ‹‹ምን ትሠራባታለህ?›› አለኝ ከልቡ። መልስ አልነበረኝም። ቄሱ ፀበል ሲረጩ ጣሪያዋ እንደ ተከፈተ ነበርና ወንበሮቹ ርሰው ተመለስን። ሌላው መኪና የሚባረከው ከቆዳው ነው፤ የእኛ ከሆዷ ተባረከች።

መኪናዋን የሠሩት ጃፓናውያን ስለ እርሷ ሲናገሩ የሚጠቅሱት አንድ አባባል አላቸው፤ ‹‹ጂንባ ኢታይ›› ይሉታል። ፈረሱና ጋላቢው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው፤ በፈረስ ላይ ሆነው ቀስት ከሚወረውሩት የወሰዱት ሐሳብ ነው። ይህን ሳነብ ማስታወቂያ ነው ብዬ ልተወው አልቻልሁም። እኛም ሰውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ነው። አባቴ ግን በመኪና ስም አልተጠሩም። ልብ አድርገህ እንደ ሆነ በእኛ ዘንድ የፈረስ ስም የሚወጣው ለባለቤቱ እንጂ ፈረሱን ለገራው ባልደራስ አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት ዐርብ ማታ የቆርቆሮውን ቀሪ ገንዘብ ላክሁ። ንጹሕ ሆኜ ለመናገር ፈልጌ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ቅዳሜ ማለዳ ብቻዬን በስፔሪቪል በኩል ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ወጣሁ። በተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚዘረጋ ስካይላይን የሚባል ጎዳና አለ፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም። ለሮዳጅ የተሠራ ይመስላል፤ ኩርባው ማርሽ ያስቀይራል፣ ሕጉ ልብን ይይዛል። በቶርንተን ጋፕ በር ገብቼ ወደ ደቡብ ስታጠፍ ወዲያው እ.ኤ.አ. በ1932 ዓለቱ ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ርዝመቱ 200 ሜትር ያህል የሆነ ዋሻ አለ። ጣሪያዬ ክፍት ነው። እዚያ ውስጥ ስገባ ያች ሦስት ሳምንት አብራኝ የኖረች ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ከድንጋዩ ተመልሳ በሁለቱም ጆሮዬ መጣች። ደረቅ፣ እኩል፣ ያልተጨነቀ ድምፅ ነበር። ነዳጁን ለቀቅ፣ ጨመር፣ ለቀቅ አደረግሁ። ዋሻው ቶሎ አለቀብኝ።

ስቶኒ ማን ከሚባለው መመልከቻ ላይ ቆምሁ። ከታች ሸለቆው ገና ለምለም ነው። ስልኬ መያዙን አይቼ ደወልሁ፤ ኮምቦልቻ ላይ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነበር።

‹‹ገንዘቡ ደርሷል›› አለኝ ጋሼ ገና ድምፄን ሲሰማ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ከዚያ ነገርሁት።

‹‹ስንት ሰው ትይዛለች?››

‹‹ሁለት።››

‹‹ከሾፌሩ ሌላ?››

‹‹ከነሾፌሩ።››

‹‹ዕቃስ?››

‹‹አንዲት ሻንጣ፤ እርሷም ትልቅ ካልሆነች።››

ዝም አለ። ከወዲያ በኩል የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል። ቆርቆሮውን ያነሣብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ዋጋዋን ይጠይቀኛል ብዬም ጠበቅሁ፤ ለሁለቱም መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

‹‹አዲስ ናት?›› አለ።

‹‹አዲስ። ስድስት ማይል ላይ ነው የተረከብኋት።››

‹‹ሮዳጅ ጨርሰሃል?››

‹‹ዐሥራ ስምንት ማይል ይቀረኛል።››

‹‹ይህን ማይልህን ተወውና በኪሎ ሜትር ንገረኝ።››

‹‹ሠላሳ አይሞላም።››

‹‹ለአሰብ ሠላሳ ያህል ሲቀረን ነው አባባ ያቆሙት›› አለ። ‹‹በዚያ በመጀመሪያው ጉዞ። ሽንታቸውን ሊሸኑ መስሎኝ ነበር። ዞረው በረዳቱ በር መጡና ‹ፈቀቅ በል› አሉኝ። መሪውን ሰጡኝ። እስከ ከተማው መግቢያ እኔ ነኝ ያስገባኋት። እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን ይሰሙ ነበር። ‹እንዳትነግር› ብለውኝ ለማንም አልተናገርሁም፤ ለእናታችንም።››

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተናገረም። ምን እንደምል ጠፋኝ። ‹‹እንዴት ነበረች?›› አልሁት።

‹‹ከባድ ነበረች›› አለና ሳቀ። ‹‹በል ቀስ በል። ልታልቅ ስትል ነው ሰው የሚቸኩለው።›› ሌላም ነገር ጀምሮ ነበር፤ መስመሩ ተቆረጠ። ደግሜ ሞከርሁ፤ ስልኩ አልያዘም።

ፍሪሲዮን ረግጬ አስነሣኋት። አልጠፋችም። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ወደ ቆጣሪው እያየሁ፣ ቢግ ሜዶስን አልፌ፣ አንዴ በጥላ አንዴ በፀሐይ እየገባሁ ነዳሁ። 621ኛው ማይል ሲገባ ቀይ መስመሩን አንድ ጊዜ ልነካው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ማይሉ ሲገባ ግን ከፊቴ አንዲት ቤት የምታህል የሽርሽር አውቶቡስ በሰዓት 25 ማይል ዳገቱን ትጎተታለች። ማለፍ ክልክል ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርሁ፤ ወደ ሁለተኛ ቀነስሁና ተከተልኋት።